የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ትገባለች?

መነሻ ጽሑፍ (ኅዳር)

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ጅማ ተወልጄ ጅማ ያደግኩ ነኝ። ጥያቄው የእኔ ሳይሆን የሰባት ዓመት ልጄ ነው። መመለስ ስላቃተኝ ለእናንተ አመጣሁት።

ጠዋት ትምህርት ቤት ስወስዳት ወደ ቦዬ ረግረግ በሚወርደው መንገድ ዳር አንድ ሣር ሜዳ እናልፋለን። መስከረም ላይ እዚያ ሣር ጫፍ ላይ አንዲት ወፍ አየን። ከሰል የመሰለች ጥቁር ናት፤ ትከሻዋና ወገቧ ላይ ግን ደማቅ ቢጫ አለባት። ስትበር ላባዋን ሁሉ ነፍታ የጥጥ ኳስ ትመስላለች፣ ክንፏም እንደ ጢንዚዛ ዝዝ ይላል። የመስቀል ወፍ ናት አልኳት። ከዚያ በኋላ ልጄ ቆማ ሳታያት ማለፍ እምቢ አለች። ኅዳር ሲገባ ወፏ መቆራረጥ ጀመረች። አንድ ቀን ትኖራለች፣ ሁለት ቀን ትጠፋለች። አሁን ጭራሽ የለችም። ልጄ የት ሄደች ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ ዝም አልኩ።

እስቲ አስቡት። የጠፋብንን ሰው ሁሉ የመስቀል ወፍ ሆንክ እኮ እያልን ነው የኖርነው። ወፏ ራሷ የት እንደምትገባ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሌላም አለ። ግቢያችን ውስጥ አራት ዛፎች አሉ፤ በስሙ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፣ ግራዋን፣ እሱንም እናቴ የጠላ ጋን ስለምታጥብበት። በእግሬ በምደርስበት ቦታ፣ ከልጄ ጋር፣ ከወር ወር ምን ማየት እንዳለብን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

እስካሁን የመጡ መልሶች

ከላይ ያለውን ከጻፍኩ ስምንት ወር ሊሞላ ነው። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ እየከበደው ስለሆነ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ ቃል አሰፍራለሁ። የመሰለኝንም እናገራለሁ።

መልስ 1

አንዲት እናት ናቸው። ልጄን መረቁልኝ። ወፏ ሙቀት ፍለጋ ወደ ሱዳን እንደምትወርድ አያታቸው ይነግሯቸው እንደነበር ጻፉ። እርግጠኛ ባይሆኑም ሲሰሙ ያደጉት ይህንኑ ነው።

መልስ 2

ጅማ ተወልዶ አሁን አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ነው። የአያትየውን ወሬ ተረት ነው ብሎ ጀመረ። በእሱ አባባል የመስቀል ወፍ የአውሮፓ ወፍ ናት። ብርዱን ሽሽት በመስከረም ትመጣለች፣ እዚያ ሲሞቅ ትመለሳለች። ሆዷ ቢጫ ነው፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ጉዳዩ ያለቀለት መሆኑን አስረግጦ ዘጋ።

እኔ ግራ ገባኝ። ያየናት ወፍ ሆዷ ቢጫ አይደለም፣ ጭራዋንም አታወዛውዝም።

መልስ 3

እዚህ ላይ ነው ክሩ (ይህ የመድረኩ ውይይት) መልክ የያዘው። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ በኋላ ሁላችንም ጋሼ ማለት ጀመርን።

መጀመሪያ ያስተካከሉት አነጋገሬን ነው። ያየሁት ሴት ሳይሆን ወንድ ነው። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ድንቢጥ የምትመስል ቡናማ ወፍ ናት፤ አጠገባችን ብትቀመጥም አናያትም። ወንዱ ጥቁርና ቢጫውን የሚለብሰው በክረምት፣ ሣሩ ሲረዝምና የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ነው። ያ መነፋትና ዝዝ ማለት ሴቷን መጥሪያ፣ ሌላውን ወንድ ማባረሪያ ነው። ጎጇቸውን ረጅም ሣር ውስጥ ይሠራሉ። ዝናቡ አቁሞ ጫጩቶቹ ሲወጡ ወንዱ ጥቁር ላባውን አራግፎ ቡናማ ይለብሳል። ከዚያ ከሴቶቹና ከልጆቹ ጋር በመንጋ ሆኖ የሣር ፍሬ ሲለቅም ይከርማል።

በአጭሩ የትም አትሄድም። ልብሷን ለውጣ እዚያው ናት።

አንድ የቤት ሥራም ሰጡኝ። የዚህኛው ዓይነት ወንድ ቡናማ በሆነበት ጊዜ እንኳ የወገቡ ቢጫ አይጠፋም፤ ቁጭ ሲል ክንፉ ይሸፍነዋል፣ ሲነሣ ይታያል። ስለዚህ ጥር ላይ ልጄን ይዤ እዚያው ሜዳ እንድሄድና የሚነሡትን ወፎች ከኋላቸው እንድመለከት አዘዙኝ።

መልስ 4

የመልስ 2 ወጣት ተመልሶ መጣ፣ ተናዶ። ጋሼ የተናገሩት ከየት እንደመጣ ጠየቀ። ወፍ ቀለም የሚቀይር ከሆነ ዶሮ ለምን አትቀይርም የሚል ነገርም ጨመረ። ዕድሜያቸውን ለሚያህል ሰው እንዲህ መጻፉ ደስ አላለኝም። እሳቸው ግን ቅር ሳይላቸው ዶሮም ላባዋን እንደምታራግፍ አስረዱት፤ ቀለሙ ያው ስለሆነ ነው የማናስተውለው።

መልስ 5

ሁለቱን ያስታረቀው ከሰቃ ጨቆርሳ የጻፈ፣ ልጅነቱን በከብት ጥበቃ ያሳለፈ ሰው ነው። መልስ 2 ያላትን ወፍ በደንብ ያውቃታል። ከከብቱ እግር ሥር አትጠፋም፤ ላሚቱ ስትራመድ ከሣሩ የሚነሣውን ዝንብና ፌንጣ ትለቅማለች። መስከረም ላይ ትመጣለች፣ ሚያዝያ ሳያልቅ ትሄዳለች፤ እሷ በእርግጥም ከሩቅ የምትመጣ ናት። ጋሼ ያሏትም ሌላዋ ናት። ሁለቱም በመስቀል ሰሞን ስለሚታዩ ሁለቱንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን።

ከዚህ በኋላ መልስ 2 ላይክ ብቻ አድርጎ ዝም አለ።

መልስ 6 እና 7

6 ምስጋና ብቻ ነው። 7 የዛፎቹን ፎቶ እንድለጥፍ ጠየቀችኝ። ለጠፍኩ።

መልስ 8

የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው፤ ዛፍን የሚያውቀው በእጁ ነው። ግራዋውን ትቶ ሦስቱን ለየልኝ። ጠፍጣፋ ጃንጥላ የመሰለው ሰሳ ነው፤ በበጋ ደርቆ የሚንኮሻኮሸው የሰሳ ፍሬ ነው። ሁለተኛው ዋንዛ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ነጭ አበባው ግቢውን ሲሸፍን መጥረግ የሰለቸኝ መሆኑን እንኳ ሳልነግረው አወቀ። ከአበባው በኋላ የሚመጣውን ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፍሬ በልጅነታችን እንደበላነውም አስታወሰኝ። በልቻለሁ! የዋንዛ ፍሬ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ሦስተኛውን ብርብራ አለው።

መልስ 9፣ 10 እና 11

እዚህ ጋ ክሩ ከረረ። 9 ይህ ዛፍ ቢርቢርሳ ሊሆን እንደማይችል፣ ቢርቢርሳ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ መሆኑን ጽፎ 8ን የማታውቀውን አታስተምር በሚል መንፈስ ገሠጸው። 10 ደግሞ 9ን ማንበብ አትችልም እስከማለት ደረሰ። 11 ነገሩን ከዛፍ አውጥቶ ወደ ቋንቋ ጠብ ወሰደው። አድሚኑ ሰረዘው፤ ጥሩ አደረገ።

መልስ 12

መምህርት ናቸው። ጠቡን በአንድ አንቀጽ ጨረሱት። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት ዛፍ ነው። በአማርኛ ብርብራ የምንለው በእኛ አካባቢ ኦሮምኛ ሶተሎ ነው። በኦሮምኛ ቢርቢርሳ የሚባለው ደግሞ በአማርኛ ዝግባ ነው። ስሙ ስለተቀራረበ ነው ሰው የሚጋጨው።

ጅማ ውስጥ ተፈጥሮን መማር የፈለገ ሰው ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ይጻፍ ብለው መከሩና ጀመሩልን። ዋንዛ ዋዴሳ፣ ወይራ ኤጀርሳ፣ ግራዋ ኤቢቻ፣ ዶቅማ በደሳ፣ ብሳና ባካኒሳ ወይም መካኒሳ። አዲስ አበባ ያለው መካኒሳ ሰፈር የዛፍ ስም መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። እኔ በበኩሌ ከዚህ ክር ከተማርኩት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። የዛፉን ስም የሚያውቁት ጎረቤቶቼ ናቸው፤ በሚጠሩበት ስም ካልጠየቅኳቸው ምኑን ይነግሩኛል?

መልስ 13፣ 14 እና 15

ወሬው ብርብራ ላይ ቀረ። 13 በበጋ ፀሐይ የብርብራ ፍሬ ልባሱ ቷ ብሎ ሲፈነዳ ሌሊት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የተወረወረ መስሏቸው የወጡበትን ቀን አጫወተን። 14 አያቱ ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ያፈዝዙ እንደነበር ጻፈ። 15 ቆጣ ብላ እንዲህ ያለውን አሠራር በዝርዝር መጻፍ ነገ ሰው ሄዶ እንዲሞክረው መጋበዝ መሆኑን አስጠነቀቀች። ልክ ናት። ወንዙ ውስጥ የሚሞተው ትልቁ ዓሣ ብቻ አይደለም።

መልስ 16

ጋሼ ናቸው። ስለ ወቅቶቹ ጠይቄያቸው ነበር። ትምህርት ቤት የተማርነው ክረምት ከሰኔ 26፣ መፀው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 ይጀምራል የሚለውን ነው። ጅማ ግን ለዚህ ቆጠራ ብዙም አትገዛም። እኛ ጋ ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ ደረቁ ወቅት አጭር ነው። ስለዚህ ቀን ከመቁጠር ዛፍ መመልከት ይሻላል ነው ምክራቸው። ዋንዛ ሲነጣ ዝናቡ ሊወጣ ነው። ቆርች ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፍ ቀይ አበባ ሲያወጣ በጋ ውስጥ ነን። ክንፍ ያወጣ ምስጥ ከመሬት ተንጋግቶ ሲወጣና ዶሮዎች ሲሯሯጡ ዝናቡ ገብቷል።

ደብተር ግዛ አሉኝ። ቀን፣ ቦታ፣ ያየኸው ነገር፣ ሌላ ምንም አትጻፍ።

ጥር ላይ የተመለስኩበት መልስ (18)

ይህ የእኔ ነው። ልጄን ይዤ ሜዳው ሄድኩ። ሣሩ ገርጥቷል። ሃያ የሚሆኑ ቡናማ ወፎች መሬት ላይ ይለቅማሉ፤ ድንቢጥ ናቸው ብዬ ሺህ ጊዜ ያለፍኳቸው ዓይነት። ሦስት ጠዋት ምንም አላየንም። ሲነሡ አብረው ነው የሚነሡት፣ ዓይን አይከተላቸውም። በአራተኛው ቀን አንዷ ለብቻዋ ተነሥታ አጥሩ ሽቦ ላይ ለማረፍ ዞር ስትል፣ ወገቧ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቢጫ ብልጭ አለች። አርፋ ክንፏን ስትከድን ጠፋች። ልጄ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። አባዬ እሱ ነው፣ ልብሱን ደብቆ ነው የተቀመጠው አለችኝ።

ይህን ስጽፍ ጋሼ መልስ አልጻፉም። ሁለት እጅ ነሺ ምልክት ብቻ ላኩ።

መልስ 19

የካቲት መጨረሻ ላይ የገባ ነው። ማና ወረዳ ውስጥ ቡና ያለው ገበሬ ነው የጻፈው፤ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። በጋው ሲከር የቡናው ቅጠል ይጠወልጋል። በየቅርንጫፉ አንጓ ላይ ግን የክብሪት ራስ የሚያህሉ እምቡጦች ተሰድረው ይጠብቃሉ። ዝናብ ካልነካቸው አይንቀሳቀሱም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደህና ዝናብ ይጥላል። እምቡጡ ማበጥና መንጣት ይጀምራል። ከዚያ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ ጠዋት በር ሲከፍት ማሳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ሽታው ቤት ድረስ ገብቶ ይቀሰቅሳል። የንቡ ድምፅ ከሩቅ የወፍጮ ቤት ይመስላል። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት፤ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ይረግፋል።

ለእሱ ግን ውበት ብቻ አይደለም። ዝናቡ ካፊያ ብቻ ሆኖ ከቀረ እምቡጡ ግማሹ ይከፈታል፣ ግማሹ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። ያኔ ከስምንት ወር ገደማ በኋላ ፍሬው በአንድ ጊዜ አይቀላም። አንዱን ቅርንጫፍ አራት አምስት ጊዜ እየተመላለሱ መልቀም ይመጣል። የካቲት ላይ ሰማይ የሚያየው ለዚህ ነው። ቡና በየቀኑ እንጠጣለን፤ ስንቶቻችን ነን አበባውን ያሸተትን? እኔ ዘንድሮ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ ያሸተትኩት።

መልስ 20 እስከ 23

ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ጫት፣ ቡና ነቅሎ ባሕር ዛፍ ስለሚተክለው ሰው ብዙ ተባለ። ሁሉም የሚያመው ነገር አለው፤ ከጥያቄው ግን ስለራቀ እዘለዋለሁ።

መልስ 24

ይህን ግን አልዘለውም። ሌላ ገበሬ ነው፣ ጽሑፉ መራራ ነው። ከተማ ተቀምጦ ስለ ወፍ ላባ ማውራት ቀላል መሆኑን ነገረን። እሱ በቆሎው ሲደርስ ማማ ላይ ነው የሚያድረው፤ ሌሊት ከርከሮና ጃርት፣ ቀን ዝንጀሮ። ልጆቹ በየተራ ከትምህርት ይቀራሉ። ለዱር እንስሳ ፍቅር ከማስተማር በፊት ማሳ ጠባቂ ላኩልኝ የሚል ነው አሳቡ። መልስ አጣሁለት። እውነቱን ነው፣ እዚህ ክር ላይ መኖር ያለበት ድምፅ ነው።

መልስ 25 እስከ 28

25 ቢያንስ ጉሬዛ ከዝንጀሮ ጋር እንዳይደባለቅ ለመነች። ጉሬዛ አብዛኛውን የሚበላው ቅጠል ነው፣ ከዛፍም ብዙ አይወርድም። ቤቷ ጫካ ጥግ ስለሆነ ጎሕ ሲቀድ የሚያሰሙት ጉርርታ ነው የሚቀሰቅሳት። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሙሉ በሙሉ ነጭ ግልገል አቅፋ አይታ ደንግጣ ነበር፤ በሽታ መሰላት። 26 በሽታ ሳይሆን ለምጽ ያለበት ነው ብሎ እርግጠኛ ሆነ። 27 ሁለቱንም አረመ። የጉሬዛ ግልገል ሁሉ ሲወለድ ነጭ ነው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የእናቱን ጥቁርና ነጭ ይይዛል። 28 ከዚያ ቀጥሎ እጁን እንድናይ ነገረን። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ ትንሽ ጉብታ ብቻ ናት የቀረችው፤ ቅርንጫፉን በአራቱ ጣቶቹ እንደ መንጠቆ ነው የሚይዘው።

25 በማግስቱ ፎቶ ይዛ ተመለሰች። እውነትም አራት ጣት ናቸው።

መልስ 29

አንድ የጎማ ወረዳ ሰው ስለ ጥርኝ ጻፈ። ጥርኝ ሌሊት ስለምትንቀሳቀስ አይቷት የሚያውቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ኩሷን ግን በየሳምንቱ ያያል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለምትጥል። ለቀማ ሰሞን ኩሱ በቡና ፍሬ የተሞላ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከዚያው ክምር ውስጥ የቡና ችግኝ ይበቅላል። ሰው ያልተከለው ቡና ጫካ ውስጥ ከየት መጣ ለሚል ሰው አንዱ መልስ ይኸው ነው።

መልስ 30 እስከ 34

ግንቦት ላይ ቦዬ ረግረግ ርዕስ ሆነ። 30 ራሷ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላትን፣ ጉንጯ ነጭና ቀይ፣ እግሯ ረጅም የሆነውን ወፍ ጥንድ ሆነው ሲጨፍሩ አየሁ አለ። ሽመላ ብሎ ጠራት። 31 ሽመላ ሌላ መሆኑን፣ ይህች ባለዘውድ ክሬን መሆኗን ተናገረ። ልዩነቱንም ጠቆመ፤ በዓለም ላይ ካሉት የክሬን ዓይነቶች ዛፍ ላይ ማረፍ የሚችሉት ዘውድ ያላቸው ብቻ ናቸው፣ የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ። 32 ደግሞ ጎጆዋ ያለበትን ቦታ ከነመንገዱ ለጠፈ።

እዚህ ጋ የሁሉም ደም ፈላ። መምህርቷ (መልስ 12) ሳይቀሩ በጣም ተቆጡ። ወፏ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ናት፤ የምትራባው ውኃ ባለበት ሣር ውስጥ በዝናቡ ወቅት ነው፣ ሰው ከተመላለሰባት እንቁላሏን ትታ ትሄዳለች። 32 መጀመሪያ ተከራከረ፣ ከዚያ ልጥፉን አነሣና ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ከልብ ነበር፤ አልቀለለም በዓይኔ።

34 ቄጠማ አጭዳ የምትሸጥ ሴት ናት፣ ልጇ እየጻፈላት። ከማናችንም በላይ ቦዬን የምታውቀው እሷ ናት። ድሮ ለበዓል ቄጠማ የምታጭድበት ግማሹ ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው፣ ሌላው ለጡብ ተቆፍሯል፣ ሌላው ቦይ ወጥቶለት ተዘርቶበታል። ውኃው ሲሸሽ ቄጠማውም ሸሸ፣ እሷም ራቅ እያለች ነው የምታጭደው። ዘውድ ያላትን ወፍ እንደ ጎረቤት ነው የምታወራት። ስታጭድ አትሸሻትም፣ ውሻ ካልመጣ በስተቀር።

ለበዓል ቄጠማ ስትጎዘጉዙ ይህችን ሴት አስቡልኝ።

መልስ 35 እስከ 37

ሰኔ ገባ፣ እንጉዳይ መጣ። 35 የእንጉዳይ ፎቶ ለጥፎ ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀ። 36 ይበላል አለ። 37 በጣም ኃይለኛ ቃል ተጠቀመች፣ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። በፎቶ ብቻ ይበላል ማለት የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። ከኩይሳ ሥር የሚወጣውን ሰው እየለቀመ እንደሚበላው ታውቃለች፤ እሱን የምትለቅመው ግን ከእናቷ ጋር ለዓመታት ወጥታ ስለተማረች ነው። ማንም እዚህ ክር ላይ ተነሥቶ እንጉዳይ እንዳይለይ ጠየቀች። አድሚኑ ሕግ አደረገው።

መልስ 38

በስልክ መተግበሪያ ፎቶ አንሥቶ ስም መፈለግ አይበቃም ወይ የሚል ነበር። ሞክሬዋለሁ። የሰሳውን ቅጠል የሌላ አገር ዛፍ አለልኝ። መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቴ ያሉት አዛውንት ግን ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው፣ አሽትተው፣ በሁለት ቋንቋ ነገሩኝ።

መልስ 39 (የእኔ፣ ሰኔ መጨረሻ)

ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፣ ሜዳው ላይ ሣሩ ለልጄ ጉልበት ደርሷል። ቡናማዎቹ ወፎች ተበትነዋል፤ አሁን በመንጋ አይደሉም። አንዱ የሣር ዘለላ ይዞ ቁጭ ብሏል። ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል፣ ቀለም የተረጨበት ይመስላል፤ ራሱ ገና ቡናማ ነው። ትከሻው ላይ ቢጫው ብቅ ብሏል። ልጄ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ በእኔ ጀርባ ላይ አስደግፋ ጻፈች። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከዚያ ልብሱን እየቀየረ ነው የሚለውን።

ጋሼ፣ ካነበቡት፣ ነጠብጣቡ ከደረቱ ነው የጀመረው። በየዓመቱ እንዲሁ ነው ወይስ እንደየወፉ ይለያያል?